የአባ ሐዲድ ናሶች

ሌታ ነጋሳ ጋሪ ነጂ ነው። ዛሬ ዛሬ አምቦ ላይ ጋሪ ነጂ ነኝ ማለት አንገት ያስደፋል፤ ባጃጅ አስፋልቱን ከወረሰው ወዲህ ጋሪ ወደ ውስጥ ለውስጥ መንገድ ተገፍቶ የብሎኬትና የሣር፣ የሠርግ ድንኳንና የተሰበረ ቁምሳጥን ማመላለሻ ሆኗል። ሌታ ግን አንገቱን የሚደፋ ሰው አልነበረም። ፈረሱን ጠምዶ በሁሉቃ ድልድይ በኩል ወደ ገበያ ሲወርድ ላየው ሰው ሹመት ተቀብሎ የሚመለስ ይመስል ነበር። ኩራቱ ከየት እንደመጣ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ከጋሪው ኋላ ቆሞ ማንበብ ይበቃል። በቀይ ቀለም፣ በጉልህ ፊደል፣ «አባ ሐዲድ» ተብሎ ተጽፎ ነበር።

አባ ሐዲድ የአያቱ የኩምሳ የፈረስ ስም ነው። በዚያ ዘመን ለሰው ስም የሚወጣለት ሁለት ጊዜ ነበር፤ አንዴ ሲወለድ እናቱ፣ ሁለተኛ ሲከበር አገሩ ያወጡለታል። ሁለተኛው ስም ለሁሉም አይደርስም። ኩምሳ ያገኘው በእግሩ ሄዶ ነው። ገና ጎረምሳ ሳለ ከጅባት፣ ከሸነን ወዲያ ካለች መንደር ተነሥቶ የባቡር ሐዲድ ወደሚዘረጋበት ቆላ ወረደና ድንጋይ ፈላጭ ሆኖ ተቀጠረ። አንድ ቀን አዋሽ አጠገብ ሰማዩ ሳይጠቁር ደራሽ ውሃ መጣ። የሠራተኛው አለቃ፣ ካቦ የሚሉት አንድ ግሪክ፣ ከነኮቱ ተወሰደ። ሌላው ሲሸሽ ኩምሳ ካቦውን ተከትሎ ውሃው ውስጥ ገባ፤ በቀበቶው ይዞ ጎትቶ አወጣው። ካቦው አፈርና ውሃ ተፍቶ ሲያበቃ ኪሱን በረበረ፣ አምስት ክብ የናስ ቁራጮች አወጣ፣ በኩምሳ መዳፍ ላይ አስቀምጦ ጣቶቹን አንድ በአንድ አጠፈለትና አለቀሰ። ናሶቹ ላይ ባቡር ተቀርጾባቸዋል። ኩምሳ አገሩ ሲመለስ እያንዳንዳቸውን በስቶ በፈረሱ ግንባር በሚውለው ጠፍር ላይ አሰፋቸው። ከዚያ በኋላ ከሸነን እስከ ጊንጪ አባ ሐዲድ ሲባል የማያውቅ አልነበረም። የድንበር ጠብ ሲነሣ እሱን ይጠሩታል፤ አባ ሐዲድ የመሰከረበት ነገር ሌላ ምስክር አይጠየቅበትም ነበር።

ይህን ታሪክ ሌታ ከአያቱ አፍ ሰምቶታል፤ ሽማግሌው ከመሞቱ በፊት እጉያው አስቀምጦ ናሶቹን እያስቆጠረ ነግሮታል። አባቱ ነጋሳም የጀግንነት ሽልማት ናቸው እያለ ደግሞለታል። ሌታም በተራው ለልጁ ለፊራኦል ነገረው። ደሃ ሰው ለልጁ የሚያወርሰው ነገር ብዙ አይደለም፤ ሌታ ግን ውሸት የማያውቅ አያት ነበረኝና ልጄም ሲያድግ በዚህ ይኮራል እያለ ይጽናና ነበር። ያ ጠፍር በቤቱ ግድግዳ ላይ ከጊዮርጊስ ሥዕል ዝቅ ብሎ ተሰቅሎ ይኖራል። በዓመት አንዴ፣ ለጥምቀት፣ ወርዶ ፈረሱ ግንባር ላይ ይታሰራል። ከዚያ በፊት ሌታ በሎሚና በአመድ አሽቶ አሽቶ ያበራዋል፤ አያቱ ያደርግ የነበረው ይህንኑ ነው።

አሁን ወደ ኢዮሲያስ እንምጣ። የዚህ ቤት መከራ በእሱ በኩል ነውና የገባው።

ኢዮሲያስ የታሪክ መምህር ነው። በወጣትነቱ ተመድቦ አምቦ ሲመጣ ከአውቶቡስ ተራ አልጋውንና ሣጥኑን ጭኖ የወሰደው የሌታ ጋሪ ነበር። መንገድ ላይ ሲጨዋወቱ ተግባቡ፤ ሌታ ዕቃውን አራግፎ ከመሄድ ይልቅ አልጋውን ሲገጥምለት አመሸ። ሃቦኔ፣ የሌታ ሚስት፣ ለአዲሱ መምህር ምሳ መላክ ጀመረች፤ ኋላ መላኩ ቀረና ራሱ እየመጣ ይበላ ጀመር። ሰውየው ተጫዋች ነው፣ ሲስቅ ቤት ይሞላል፣ ልጅ ይወዳል። ፊራኦል በተወለደ በአርባ ቀኑ ክርስትና ሲነሣ ያነሣው ኢዮሲያስ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እሱና ሌታ አበልጅ ሆኑ። አበልጅ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለማያውቅ ሰው፦ ከወንድም ጋር መጣላት ይቻላል፤ ከአበልጅ ጋር ግን ነውር ነው፣ ልጁ መሐል ቆሟልና።

ኢዮሲያስ አንድ ነገር ላይ ብቻ ሳቁ ይጠፋ ነበር። በእኛ አገር ሰው ከሰው ሲተዋወቅ «የማን ልጅ ነህ?» ይባላል፤ ከዚያ ቆጠራ ይጀመራል፣ አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት፣ እስከ ሰባትና ዘጠኝ ቤት። ሌታ ዘጠኙን በአንድ ትንፋሽ ይወርደዋል። ኢዮሲያስ ግን አባቱን ጠርቶ ያቆማል። አያቱ ወልደሰንበት የሚባል ሰው እንደነበረ ያውቃል፤ ከየት መጣ፣ ምን ሠራ፣ የት ሞተ፣ የነገረው የለም። ሰዎች መቁጠር ሲጀምሩ ስልክ የተደወለለት መስሎ ወደ ደጅ ይወጣል። ሌታ ይህን ያውቅ ነበር፤ ያሳዝነውም ነበር። ሰው ያዘነለትን ሰው አይጠረጥርም።

በሁለት ሺህ ስምንት ዓመተ ምሕረት ግድም ነው፤ ፊራኦል ጎረምሳ ሆኖ ነበር። ኢዮሲያስ ያን ሰሞን ጥሩ ካሜራ ያለው ስልክ ገዝቶ ያገኘውን ሁሉ ፎቶ ያነሣል። ናሶቹን ግድግዳው ላይ እያየ፣ እነዚህ ነገሮች የት እንደተሠሩ፣ ማን እንዳሠራቸው ማወቅ ይቻላል፤ ልጁም ታሪኩን ከነማስረጃው ይያዘው፤ አምጣቸውና ልመርምራቸው አለ። ሌታ ደስ አለው። ደስ ስላለውም አንድ ስሕተት ሠራ፤ እንግዳ ፊት የሚቀርብ ነገር ንጹሕ መሆን አለበት ብሎ በሎሚና በአመድ ብቻ ሳይሆን በደቃቅ አሸዋ ጭምር ፈተጋቸው። ሲያመጣቸው እንደ መስታወት ያበራሉ። ኢዮሲያስ ራሱን ያዘ። ለመርማሪ ሰው ዝገቱና እድፉ ራሱ ማስረጃ እንደሆነ፣ በዙሪያቸው የነበረውም ጽሑፍ በየጥምቀቱ እየተፈተገ አልቆ አሁን የቀረው ጭራሽ እንደሄደ ነገረው። ሌታ ባለሥልጣን ፊት ጥርሱን ሳይፍቅ እንደቀረበ ሰው አፈረ።

ደግነቱ ከአምስቱ አንዱ የጠፍሩ እጥፋት ሸፍኖት ኖሮ ዳር ዳሩ ላይ ፊደል ተርፎለት ነበር። ኢዮሲያስ ስስ ወረቀት አለበሰውና በእርሳስ አግድም ቀስ እያለ አሸው። ወረቀቱ ላይ በመጀመሪያ የባቡሩ ጭስ ማውጫ ወጣ፤ ረጅም ነው፣ ከባቡሩ ቁመት ይበልጣል። ቀጥሎ በርሜል የመሰለው ሆዱ፣ ቀጥሎ መንኰራኵሮቹ፣ ከኋላ ደግሞ ጣሪያ በሌለው ነገር ላይ ቆሞ የሚነዳ ባርኔጣ ያደረገ ሰው። ዳር ላይ ጥቂት የፈረንጅ ፊደላት ተከተሉ። ሁለቱ ሰዎች ጎን ለጎን ጎንበስ ብለው ወረቀቱን ሲያዩ ትንፋሻቸው ተቀላቀለ። ሌታ አያቱ እንደገና ሲናገር የሰማ መሰለው። ኢዮሲያስ ፎቶውን ውጭ አገር ላሉ የጥንት ሳንቲም ሰብሳቢዎች ልኮ መልሱን መጠበቅ ያዙ።

መልሱ ሲመጣ ኢዮሲያስ ሌታን ወደ ቤቱ አስጠራው፤ እንደ ወትሮው ራሱ አልሄደም። ሻይ ቀድቶለት እስኪጠጣ ጠበቀ። ከዚያ እንደ መምህር ረጋ ብሎ አስረዳው። ናሶቹ የተሠሩት ጀርመን አገር ነው። ባቡሩ፣ ባቡር የሚባል ነገር ዓለም ላይ ገና ብርቅ በነበረበት ጊዜ የነበረው ዓይነት ነው፤ ለዚህ ነው ነጂው ጣሪያ የሌለው፣ ዝናብና ብርድ ላይ የቆመው። አያትህ ያዩት ባቡር ጣሪያ ነበረው አለው፤ እነዚህ ናሶች በእኛ አገር አንድ ክንድ ሐዲድ ከመዘርጋቱ ከብዙ ዓመት በፊት የተመቱ ናቸው። ለምን እንደተሠሩም ፊደሉ ተናግሯል።

«መጫወቻ ናቸው» አለ ኢዮሲያስ። «ካርታ ሲጫወቱ በገንዘብ ፋንታ የሚያስይዟቸው። በሺህና በሺህ ነው የተሠሩት። ሽልማትም ሜዳይም አይደሉም፣ አበልጄ።»

ሌታ ብርጭቆውን አስቀመጠ። ታዲያ አያቴስ? ብሎ ጠየቀ። ኢዮሲያስ ወደ መስኮቱ እያየ፣ እንግዲህ ከአንድ የዓረብ ሱቅ ገዝተዋቸው ይሆናል፣ የዚያ ዘመን ሰው ወሬ ማሳመር ይወድ ነበር፣ በዚህ አትዘን አለው። ሌታ ግን አዘነ። ከማዘንም አልፎ አፈረ፣ ተናደደ፤ ዕድሜውን ሙሉ በሰው ፊት ውሸት ሲያወራ እንደኖረ ተሰማው።

ሌላ ሰው ቢሆን ነገሩን ውጦ ዝም ይል ነበር። ሌታ እንዲህ ዓይነቱን ማድረግ አይችልም፤ ይህ ደግሞ ከዚያው ከአባ ሐዲድ የወረሰው ጠባይ መሆኑ ነው ነገሩን የሚያከፋው። በጊዮርጊስ ማኅበር ቀን፣ ጠላው ተቀድቶ ዳቦው ከተቈረሰ በኋላ ተነሥቶ ቆመ። የአያቴን ነገር ስነግራችሁ ኖሬአለሁ፣ አሁን ተመርምሮ እውነት አለመሆኑ ታውቋል፣ ይቅር በሉኝ አለ። ማኅበርተኛው አንገቱን ደፋ። የማኅበሩ ሽማግሌ ኦቦ ቱፋ ብቻ ተቆጡ፤ ኩምሳን በልጅነታቸው ያውቁታል።

«ተቀመጥ ልጄ» አሉት። «ባለቤቱ ያቀለለውን አሞሌ ባለዕዳ አይቀበለውም። የሞተ ሰው መልስ አይሰጥህምና አትክሰሰው።»

ሌታ አልተቀመጠም። ቤቱ ሲገባ ፊራኦልን ጠርቶ ያንኑ ደገመለት፤ ያ ታሪክ ውሸት ነው፣ ለማንም እንዳታወራ አለው። ልጁ ለብዙ ቀን አባቱን ቀና ብሎ አላየውም። በማግስቱ ሌታ ቢላዋ ይዞ የጋሪውን ኋላ ፋቀ። ሃቦኔ በር ላይ ቆማ፣ ቀለሙ ምን አደረገህ፣ ሰውየው በውሃ ገብቶ ሰው ማውጣቱን ማን መርምሮ ውሸት አለ? ብላ ጠየቀችው። ጥያቄዋ መልስ ያለው ጥያቄ ነበር፤ ሌታ ግን በዚያ ሰዓት የሚሰማ ጆሮ አልነበረውም። ናሶቹን ከጠፍሩ ፈትቶ ለኢዮሲያስ ወሰደለት፤ ተማሪ አስተምርባቸው፣ እኔ ቤት አላያቸውም አለው። በእኛ ወግ ሰው ስጦታ ሲሰጠው አንዴ ሁለቴ አይሆንም ይላል፤ ሰጪው ደግሞ ይለምናል። ኢዮሲያስ ለወጉ ያህል እንኳ አይሆንም አላለም። በመሐረብ ጠቅልሎ መሳቢያ ውስጥ አስገባቸው።

ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት መንገድ ሲዘጋና ሲከፈት፣ ባጃጁ ሲበዛና የሣር ዋጋ ሲወጣ አለፉ። ኦቦ ቱፋ አረፉ። ሌታ ሥራውን ሠራ፣ ግን እንደ ድሮው ገበያ ሲወርድ የሚያየው ሰው ዞር አይልም ነበር። ለጥምቀት ፈረሱን ባዶ ግንባሩን ያወጣዋል። «የማን ልጅ ነህ?» ሲባል ነጋሳ ድረስ ቆጥሮ ያቆም ጀመር። ኢዮሲያስ ግን እንደ ድሮው እየመጣ ይበላል፣ እየሳቀ ይጫወታል። ፊራኦል ትምህርቱን ሲጨርስ ወንጪ ሐይቅ ለጎብኚዎች ፈረስ የሚያከራዩ ወጣቶች ዘንድ አስጎብኚ ሆኖ ገባ፤ ቦታውን ያፈላለገለት የክርስትና አባቱ ነው። ሌታ ለዚህ ብሎ ስንት ጊዜ እንደመረቀው!

በሁለት ሺህ ዐሥራ አምስት፣ ለጥምቀት ጥቂት ሲቀረው፣ የፈረስ ባህል ዐውደ ርዕይ አምቦ ላይ ተዘጋጀ። የአዘጋጅ ኮሚቴው ሰብሳቢ ኢዮሲያስ ነበር። ፊራኦል ከወንጪ ወርዶ እንግዶችን የሚያስጎበኝ ሆነና አባቱን ጋበዘው። ሌታ ንጹሕ ኮቱን ለበሰ። አዳራሹ ውስጥ ከየወረዳው የመጡ ኮርቻዎች፣ ያጌጡ ልጓሞች፣ እርካቦችና ጋሻዎች ተደርድረዋል። ሌታ የሚያውቀው ዓለም ነውና ደስ አለው፤ አንዱን ጠፍር እየዳሰሰ ሰፊው ጊንጪ የነበረ እንትና መሆን አለበት እያለ ለራሱ ያወራል። ከዚያ አዳራሹ መሐል ሰው የተሰበሰበበት የመስታወት ሣጥን ዘንድ ደረሰ።

አምስቱ ናሶች ቀይ ከፋይ ላይ ተደርድረዋል። በመጀመሪያ የተሰማው ደስታ ነበር፤ ሩቅ አገር የሄደ ዘመድ በመንገድ ያገኘ ያህል። ቀጥሎ አጠገቡ የተለጠፈውን ጽሑፍ አነበበ። ጽሑፉ የአቶ ወልደሰንበትን ገድል ይናገራል። አቶ ወልደሰንበት፣ የመምህር ኢዮሲያስ አያት፣ ሐዲድ ሲዘረጋ ድንጋይ ፈላጭ ነበሩ። አዋሽ አጠገብ ደራሽ ውሃ ወርዶ ግሪኩን ካቦ ወሰደው። እሳቸው ተከትለው ገብተው በቀበቶው ጎትተው አወጡት። ካቦው የሚሰጠው ነገር አልነበረውም፤ ንብረቱን ሁሉ ውሃው ወስዶበታል። ኪሱ ውስጥ የቀረው ማታ ማታ ካርታ ሲጫወት የሚያስይዛቸው እነዚህ ጀርመን አገር የተሠሩ የናስ መጫወቻዎች ብቻ ነበሩ። እነሱን አውጥቶ በመዳፋቸው አስቀመጠና ጣቶቻቸውን አጠፈላቸው። ዋጋ የሌለው ነገር ነው፤ ይላል ጽሑፉ፤ ሰውየው ግን ያለውን ሁሉ ነው የሰጠው።

ሌታ ሁለቴ አነበበው። እሱን የገደለው ስሙ መለወጡ ብቻ አልነበረም። ናሶቹ መጫወቻ መሆናቸውና አያቱ እውነት መናገሩ፣ ሁለቱ አብረው እንደሚሄዱ በዚያ ወረቀት ላይ አሁን ገና አየ። አያቱ ሽልማት ነው ብሎ አያውቅም። ከኪሱ አውጥቶ ሰጠኝ ነው ያለው፤ ሌላ አንዲት ቃል አልጨመረም። ሽልማት ያደረጉት ልጅና የልጅ ልጅ ናቸው። አባ ሐዲድ አልዋሸም ነበር። ሌታ በማኅበሩ መሐል ቆሞ ያዋረደው አያት ንጹሕ ሰው ነበር።

አጠገቡ የቆመ አንድ ማኅበርተኛ፣ ጅሩ የሚባል የእህል ነጋዴ፣ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። አይ ሌታ፣ አንተም ያኔ እውነቱን በመናገርህ እንኳን ደግ አደረግህ፤ ለካ አያትህ የዚህን ሰው ታሪክ ከአገር ሰምቶ፣ መሳዮቹን ናሶች ከሱቅ ገዝቶ ኖሯል ብሎ በቅንነት አጽናናው። ሌታ ትቶት ወደ ውጭ ወጣ።

ኢዮሲያስን ከአዳራሹ ጀርባ፣ ፈረሶቹ ከታሰሩበት ጥላ ሥር አገኘው። ሰውየው ሌታ ሲመጣ አይቶ አልሸሸም፤ ሲጠብቀው የኖረ ይመስል ነበር።

«አያቴን ወሰድክ» አለው ሌታ።

«አንተ ጣልከው፤ እኔ አነሣሁት» አለ ኢዮሲያስ።

«ጣለው ያልከኝ አንተ አይደለህ?»

ሌታ አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ አለው፤ ካቦው መጫወቻውን ከኪሱ አውጥቶ ሊሰጥ እንደሚችል ያኔ፣ ናሶቹን በእጄ ይዤ ቤትህ ስመጣ ታውቅ ነበር ወይስ ኋላ ነው የገባህ? ኢዮሲያስ አንዱን ፈረስ አንገቱን እያሻሸ ቆየ።

«አውቅ ነበር» አለ። «ማኅበሩ ላይ ትቆማለህ ብዬ ግን አላሰብኩም። ከቆምክ በኋላ ደግሞ... አንተ ዘጠኝ ቤት ትቆጥራለህ፣ ሌታ። እኔ ከአባቴ በላይ ሰው የለኝም። አንድ አያት ቢጎድልብህ ምን ትሆናለህ?»

ይህን ሲናገር እንባ አቅርሮ ነበር፤ ያ እንባ እውነተኛ መሆኑ ነው ሌታን ያሳበደው። ክፉ ሰው ቢሆን በጥፊ ይመታው ነበር። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ይላሉ ፈረስ የሚያውቁ ሰዎች፤ ሌታ በፈረስ ሲኖር ወድቆ አያውቅም፣ የወደቀው ከሰው ላይ ነው። ሃያ ዓመት ያበላው፣ ልጁን ክርስትና ያስነሣው፣ ያዘነለት ሰው እጁን ሰዶ የቤቱን ምሰሶ ነቅሎ ወሰደ፣ ወስዶም ቤት ሠራበት፣ ሠርቶም ና እንግዳ ሆነህ ግባ አለው። ወርቅ ላበደረ ጠጠር የሚባለው ለዚህ ነው።

ሽማግሌ ልሰብስብ ብሎ አሰበ። በሌላ ነገር ቢሆን ጃርሳ አስቀምጦ መካሰስ ቀላል ነው። ግን ሽማግሌዎቹ በመጀመሪያ የሚጠይቁት ምስክር ነው፤ ምስክሩ ማን ነው? ኦቦ ቱፋ አፈር ለብሰዋል። የቀሩት ሁሉ የሰሙት ከሌታ ከራሱ አፍ ነው፤ ቆሞ፣ ይቅርታ ጠይቆ፣ ውሸት ነው ብሏቸዋል። ናሶቹንም በገዛ እጁ ሰጥቷል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ደግሞ የሚከሰሰው አበልጅ ነው፤ አሸንፎ ቢወጣ እንኳ ሰው የሚያወራው አበልጁን የከሰሰ እያለ ነው። አንድ ሰው ብቻ ቢያምነው ይበቃዋል፤ ያም ሰው ልጁ ነው። ፊራኦል ካወቀ ኩምሳ ከሞት ይነሣል፤ ሌላው የፈለገውን ያንብብ።

አዳራሹ ሲዘጋ አባትና ልጅ ጋሪው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ወደ ቤት ተነሡ። ፀሐይ ገና አልገባችም ነበር። ፊራኦል ጀርባው እስኪያመው ሲያስጎበኝ ውሎ ደክሞት፣ ግን ደስ ብሎት፣ ስለ እንግዶቹ እያወራ ነበር። ያ የመስታወት ሣጥን ዘንድ ሲደርሱ ሁሉም ዝም ይላሉ አለ። አንዲት አሮጊት አልቅሳለች።

ሌታ ያን ጊዜ ተናገረ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ምንም ሳያስቀር፣ የሻዩን ብርጭቆና የመስኮቱን ነገር፣ ከአዳራሹ ጀርባ የተባለውንም ሁሉ ነገረው። የዋሸሁህ ያኔ ውሸት ነው ስልህ ነው፣ ሳላውቅ ነው የዋሸሁህ፤ እውነቱ መጀመሪያ የነገርኩህ ነው አለው። በልጁ ፊት እንዲህ ተናግሮ አያውቅም።

ፊራኦል አላቋረጠውም። አውራ ጎዳናውን ትተው ወደ ሰፈራቸው ኮረኮንች መንገድ እስኪታጠፉ ሰማው። ከዚያ ለታመመ ሰው እንደሚናገሩት ቀስ ብሎ ጀመረ።

«አባዬ፣ የክርስትና አባቴ ይሄን እንደምትለኝ ቀድሞ ነግሮኛል።»

«ምን አለህ?»

«አባትህ ሣጥኑን ሲያይ ይከፋዋል፣ የእኔ ነው ሊልም ይችላል፣ እንዳትቆጣው አለኝ። ናሶቹ በሺህ የተመቱ ናቸውና የእናንተዎቹ መሳዮች ናቸው፤ እሱን ግን እንደ አባት ያሳደገው ታሪክ ነውና ፍረድለት አለኝ።»

ሌታ ወደ ልጁ ዞረ። በፊቱ ላይ ንቀት ቢያገኝ ይሻለው ነበር፤ ያገኘው ግን ፍቅር ነው። ፊራኦል እጁን በአባቱ ትከሻ ላይ ጣል አደረገ።

«እኔ አልቆጣህም» አለው። «ሰው ጥሩ አያት ቢመኝ ምን ክፋት አለው? ግን አባዬ፣ ለሌላ ሰው እንዳታወራው።»

ፈረሱ የቤቱን መንገድ ስለሚያውቅ በራሱ ጊዜ ታጠፈና በሩ ላይ ቆመ።